ያረጀች ድመቴ እግሯ እየከዳት ነው፣ ምን ላድርግላት?

የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን አንብቦ የሚስቅብኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሳቅ፣ ግድ የለም። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ድመታችን ዳልቼ ትባላለች፣ ስሟ ከቀለሟ ነው። በ2004 የጥምቀት ሰሞን አባቴ በጋቢው ሸሽጎ ነው ያመጣት፣ ዘንድሮ 14 ዓመት ሞላት። አባቴ አሁን የለም። እሷ ግን ማታ ማታ እሱ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ነበር የምትተኛው። ነበር ያልኩት ወንበሩ ላይ መውጣት ስላቃታት ነው።

ድሮ ከመሬት ተነስታ ቁም ሳጥን ላይ ነበር የምታርፈው። አሁን ወንበሩ ፊት ትቀመጣለች፣ ቀና ብላ ታያለች፣ ቂጧን ወዝወዝ ታደርጋለች፣ ከዚያ ትተወውና እዚያው መሬት ላይ ትጠቀለላለች። ባለፈው ሳምንት ከመስኮቱ ደፍ ስትወርድ የፊት እግሯ ታጠፈና በአገጯ ወደቀች። ሊሾው ላይ ስትሄድ ትንገዳገዳለች፣ አንዳንዴ የኋላ እግሯ ለብቻው ወደ ጎን ይሸሻል። ስጠራት ደግሞ አንገቷን አታዞርም፣ በሙሉ ገላዋ ነው የምትዞረው። ጀርባዋ ላይ ያለው ጸጉር ተጣብቋል፣ መላስ ትታለች። ሁለት ጊዜ ምንጣፍ ላይ ሸንታ እማዬ እሪ ብላለች።

ጠዋት ጠዋት ይብስባታል። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ደጅ ያደረ ባልዲ ላዩ በረዶ ሠርቶ የሚገኝበት ጊዜ ነው።

አምና አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ወስጃት «ድመት ደግሞ ይታከማል እንዴ፣ ሌላ አምጪ» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ የትም አልወሰድኳትም። ጥያቄዬ፣ ይሄ እርጅና ብቻ ነው? የሕመም ማስታገሻ ብሰጣትስ? ቤት ውስጥ ፓራሲታሞልና ዲክሎፌናክ አለ።

አያልቅበት

እህቴ አርጅታለች በቃ። የድመት 14 ዓመት እኮ ቀላል አይደለም። ግማሽ ፓራሲታሞል ፈጭተሽ በወተት ስጫት፣ እኛ ቤት ልጆቹም እናትየዋም የሚድኑት በሱ ነው።

የበጎች ሐኪም

ፓራሲታሞል እንዳትሰጫት! ሌላውን በኋላ አንብቢው፣ መጀመሪያ ይህን ያዢ። የሰጠሻት ካለ አሁኑኑ ተነስተሽ ሐኪም ፈልጊ።

ወንድሜ አያልቅበት፣ በክፋት እንዳላልከው አውቃለሁ፣ ግን ድመት ትንሽ ሰው አይደለችም። የእኛ ጉበት ፓራሲታሞልን አብርዶ የሚያስወግድበት መንገድ አለው፣ የድመት ጉበት ያ መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ መርዝ ተለውጦ ቀይ የደም ሕዋሷን ያበላሽባታል። ደሟ አየር መሸከም ያቅተዋል። ድዷ ቡኒ ወይም ሰማያዊ ይመስላል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል፣ ታለከልካለች። አንዲት ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ አንድ ድመት ለመግደል ትበቃለች፣ ግማሿም ከባድ አደጋ ናት። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ኩላሊትና ጨጓራዋን ይጎዱባታል። አስፕሪን እኛን በሰዓታት ሲለቅ እሷ ውስጥ ቀናት ይቆያል።

ስለ እኔ፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከመቶ የሚመጡልኝ ዘጠና ምናምኑ በግና ላም ናቸው፣ ድመት ይዞ የሚመጣ በወር አንድ ቢገኝ ነው። ስለዚህ የሳቁብሽን ሰዎች ልማድ አውቀዋለሁ፣ ይቅርታም እጠይቅሻለሁ፣ አያስቅም።

አሁን ወደ ዳልቼ። እርጅና ብቻውን እግር አያጥፍም። እግር የሚያጥፉ ነገሮች ግን እርጅናን ተከትለው ይመጣሉ፣ ብዙዎቹም ከአረማመዷ ይታወቃሉ። ስለዚህ ስልክሽን ይዘሽ ስትራመድ ቅረጪያት። አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከኋላ፣ አንዴ ወደ አንቺ ስትመጣ። ሐኪም ቤት ስትደርስ ፈርታ ጥግ ይዛ ስለምትቀር ከራሷ ይልቅ ቪዲዮው ነው የሚናገረው።

ስትራመድ ደርቃ፣ አጭር አጭር እየረገጠች፣ ከተኛችበት ስትነሳ ብሶባት ቆይቶ ከተፍታታች፣ እሱ ቁርጥማት ነው፣ የመገጣጠሚያ መበላት። ያረጁ ድመቶች ላይ ከሁሉም በላይ የተለመደው እሱ ነው፣ ግን ድመት እንደ ውሻ አታነክስም፣ አትጮህም። መዝለል ነው የምታቆመው። አየሽ አይደል፣ «ሰነፈች» እንላለን።

የኋላ እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚቱ መሬት ላይ አስተኝታ፣ በተረከዟ የምትሄድ ከመሰለሽ ደግሞ ስኳር ነው የምጠረጥረው። ድመትም ስኳር ይይዛታል። ውሃ ታበዛለች፣ ሽንት ታበዛለች፣ እየበላች ትከሳለች፣ ሲቆይ የእግሯን ነርቭ ይነካል።

አንገቷን ቀና ማድረግ አቅቷት አገጯ ደረቷ ላይ ከወደቀ የፖታሲየም ማነስ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው የኩላሊት ድካም ነው። ዓይኗ ጥቁሩ ሰፍቶ ግድግዳ የምትገጭ ከሆነ ደግሞ የደም ግፊት አስቢ፣ ኩላሊቷ የደከመ ድመት ላይ ግፊት ወጥቶ በአንድ ሌሊት ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ያኔ የተንገዳገደች ይመስልሻል እንጂ ስለማታይ ነው።

አንድ ነገር ግን ነገ የማይባል አለ። ድንገት ጮኻ የኋላ እግሯ ቢሞትባት፣ መዳፏ ቢቀዘቅዝና ገርጥቶ ወይም ሰማያዊ ቢመስል፣ ከልቧ የተነሳ የረጋ ደም እግሯን የሚመግበውን ሥር ዘግቶታል ማለት ነው። በዚያው ሰዓት ነው መሮጥ።

የምጠይቅሽ፦ ምን ትበላለች? ውሃ ጨምራለች? ጥፍሯንስ አይተሽዋል? እየቀለድኩ እንዳይመስልሽ፣ የፊት እግሯን መዳፍ ገልብጠሽ እዪ። ሰሞኑን ባሕሪዋ ተለውጦ፣ ለሃጭ እያዝረከረከች ወይም ሰው ልትነክስ እየሞከረች ከሆነ ግን እጅሽን ወደ አፏ አታስጠጊ። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ያንገዳግዳል። የነከሰችው ሰው ካለ ቁስሉን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ።

አያልቅበት

እሺ ዶክተር፣ ተምሬያለሁ። ሰምታኝ ቢሆን ነፍስ ነበር የማጠፋው። ያልኩትን አላጠፋውም፣ ሌላውም ሰው አንብቦ ይማርበት።

ደብረ ሲና ቁልቁለት

ዶክተር ያልጠቀሰው አንድ አለ። የኛ ድመት ከሁለት ዓመት በፊት ጠዋት ስትነሳ ጭንቅላቷ ወደ ግራ ዘሞ ነበር። አንድ ጆሮዋ ሰማይ አንዱ መሬት ያያል። እንደ ሰከረ ሰው በአንድ ጎን ትዞርና ትወድቃለች። ዓይኗ ደግሞ ወዲህ ወዲያ ይርገበገብ ነበር፣ ያ ነው ያስፈራን። ሚስቴ ሰው በልቷት ነው አለች። ጸበል አረጨናት፣ እኔም አልተቃወምኩም።

በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ቆመ። በሳምንቱ ግድግዳ እየተደገፈች ወደ ምግቧ ሄደች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ዳነች ማለት ይቻላል፣ ብቻ እስካሁን ጭንቅላቷ ትንሽ ዘንበል ይላል፣ ጥያቄ የምትጠይቅ ትመስላለች።

የበጎች ሐኪም

ጥሩ አነሳኸው። የሚዛን መቆጣጠሪያው ውስጥ ጆሮ ነው ያለው፣ እዚያ ሲታወክ ልክ እንደጻፍከው ነው የሚያደርጋቸው። ብዙ ጊዜ መነሻው ሳይታወቅ በሁለት በሦስት ሳምንት ራሱ ይሻላል። ጸበሉም ጊዜውም ረድቷታል በል። አንዳንዴ ግን የመካከለኛ ጆሮ መመርቀዝ ወይም ጆሮ ውስጥ የበቀለ ሥጋ ስለሚሆን ጆሮዋን ማየት ደግ ነው። ያለ ሐኪም ጆሮዋ ውስጥ ምንም ጠብታ አትጨምሩ።

አንድ የራሳችን ሙያ ጥፋትም ልጨምር። ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን የተቀላቀለበት መርፌ እኛ ጋ በግ ሲያስል፣ ላም ስታስል ይወጋል። ስትሬፕቶማይሲን ግን የድመትን ውስጥ ጆሮ በቀላሉ ይመርዛል። ለቁስል ብለው ወግተዋት በሳምንቱ ተንገዳግዳ የመጣች ድመት አይቻለሁ። ድመት ስታስወጉ «ምንድን ነው መርፌው» ብላችሁ ጠይቁ፣ የሚቆጣችሁ ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ጓሳ ማዶ (መንዝ)

እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ድመቴን ልገድላት ነበር፣ እግዜር ነው ያተረፋት። በጎቼን ለቅንቅን በዲያዚኖን ስረጭ የተረፈው በባልዲው ውስጥ ነበር። ድመቷ ቁንጫ በዝቶባታል ብዬ በጨርቅ ነክሬ ቀባኋት። በግ ካልሞተ ድመት ምን ትሆናለች ብዬ። ከሰዓት በኋላ ለሃጯ እንደ ክር ወረደ፣ ተንቀጠቀጠች፣ እግሯ ተልፈሰፈሰ። በሳሙና ደጋግሜ አጠብኳት፣ በባና ጠቅልዬ ብብቴ ውስጥ ይዣት በእግሬ ሁለት ሰዓት ሄጄ አንድ ጤና ረዳት መርፌ ወጋት። ሰውየው አትሮፒን ነው አለኝ። ቆመች። ግን ለሳምንታት ደካማ ነበረች።

እህቴ ምናልባት እንዲህ ያለ ነገር ነክቷት ይሆን? በግ የተረጨበት ግቢ ውስጥ ረግጣ መዳፏን ስትልስም ይገባባታል። ላባ የመሰለ ሰውነት ነው ያላት።

የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በግ የለንም፣ መርፌም አልተወጋችም። ጭንቅላቷ አልዘመመም፣ ተረከዟንም አላስተኛችም፣ ቪዲዮውን አሥር ጊዜ አየሁት። ደርቃ ነው የምትሄደው። የፊት እግሯ ይብሳል። ውሃም አልጨመረችም።

ዶክተር ጥፍሯን እዪ ስትለኝ እውነቱን ለመናገር አናዶኝ ነበር፣ ጥፍር ምን አገባው ብዬ። ትናንት ማታ በባትሪ መብራት ገልብጬ አየሁ። የቀኝ እጇ አውራ ጥፍር፣ ያቺ ከፍ ብላ ያለችው፣ እንደ በግ ቀንድ ዞራ መልሳ መዳፏ ሥጋ ውስጥ ገብታለች! ዙሪያው እርጥብ ነው፣ ይሸታል። እንዴት እንዳላየሁ። ስንት ወር በሱ ላይ እንደረገጠች። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ምግቧ ጉበት ነው። አጎቴ ሥጋ ቤት አለው፣ ከትንሽነቷ ጀምሮ በየቀኑ ጥሬ ጉበት ይልክላታል። ሌላ ብንሰጣት አሽትታ ጥላን ትሄዳለች። በጾም ደግሞ እንጀራ በሽሮ ፍትፍት፣ ወይም ከፍስክ የተረፈ የወጥ መረቅ።

የበጎች ሐኪም

ያረጀች ድመት ጥፍሯን ግንድ ላይ አትስልም፣ ልጣጩም አይወድቅላትም። ወፍሮ ይዞርና እንዳልሽው ይሆናል። አንቺ ብቻ አይደለሽም ያላየሽ፣ አትልቀሺ። ግን እሷን ጥፍር በቤትሽ አትቁረጪ፣ ሥጋ ውስጥ ስለገባች ተቆርጣ ወጥታ ቁስሉ መታጠብና መታከም አለበት። ሌሎቹን በየሦስት ሳምንቱ ጫፍ ጫፋቸውን ትቆርጫለሽ፣ ውስጡ ቀላ ብሎ የሚታየውን ሳትነኪ፣ እሱ ሥጋና ደም ነው።

አሁን ግን ጉበት ስትይኝ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። «በሙሉ ገላዋ ነው የምትዞረው» ያልሽው ከመጀመሪያው ሲከነክነኝ ነበር።

ጉበት የቫይታሚን ኤ ጎተራ ነው። ትንሽ ሲሆን መድኃኒት ነው፣ በየቀኑ ለዓመታት ሲሆን ግን ድመት የተረፈውን አውጥታ መጣል ስለሚያቅታት ይከማችባታል። ከዚያ በአንገቷ አጥንቶች ዙሪያ ትርፍ አጥንት ይበቅላል። ቀስ በቀስ የአንገት አጥንቶቿ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ እንደተበየደ ብረት። አንገት አይዞርም። የፊት እግር ትከሻና ክርንም ይነካል። ጀርባዋን መላስ የተወችው ንጽሕና ጠልታ ሳይሆን አንገቷ እዚያ ስለማይደርስ ይመስለኛል። የሚረጋገጠው በራጅ ነው። ቢሾፍቱ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ደውለሽ ጠይቂ፣ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ግን መጀመሪያ እዚያው ደብረ ብርሃን አንገቷን በእጁ የሚመረምር ሐኪም ይያት።

የበቀለ አጥንት ተመልሶ አይሟሟም፣ አልዋሽሽም። ጉበቱ ሲቆም ግን መብቀሉ ይቆማል፣ ሕመሙም ይቀንሳል። በአንዴ አትከልክያት፣ ድመት ሁለት ሦስት ቀን ካልበላች፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ የራሷ ጉበት ይታመማል። ቀይ ሥጋ አስለምጂያት፣ መጀመሪያ ላዩ ላይ ትንሽ ጉበት እየቀባሽ፣ በየቀኑ እየቀነስሽ።

የወጥ መረቁን ግን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ያበላሻል፣ ቢበስልም። ሰው ሁሉ እንጀራ በወጥ ነክሮ ይጥልላታል፣ «ደክማለች» ሲባል አንዳንዴ ደም ማነስ ነው።

የሸዋሮቢት ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ከሩቅ ስለሆንኩ ሐኪም አልሆንብሽም። ግን የ17 ዓመት ድመት ስላለችኝ ቤቱን እንዴት እንዳዘጋጀሁላት ልንገርሽ፣ ግማሹን ከናቴ ቤት የተማርኩት ነው።

እዚህ ወስጃት ሐኪሟ ምን አለችኝ መሰለሽ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ አንድ ጥናት ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ 100 ድመቶች ራጅ ታይቶ 90ዎቹ የመገጣጠሚያ መበላት ተገኝቶባቸዋል። አስቢው፣ ሁሉም ቤት ማለት ነው። እዚህ ለድመት ቁርጥማት በወር አንዴ የሚወጋ ሶሌንሲያ የሚባል መርፌ አለ፣ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2022 መጀመሪያ ነው። ለእኔዋ ሠርቶላታል። ዋጋው ግን የሰው ሕክምና ነው የሚመስለው፣ ወሬውን ነው የነገርኩሽ እንጂ ላኪልኝ ብትይኝም በቀዝቃዛ ቦታ የሚቀመጥ ስለሆነ በሻንጣ የሚላክ ነገር አይደለም።

ዋናው ግን ሌላ ነው። ወንበሩ ፊት በርጩማ አስቀምጪላት። አንድ ትልቅ ዝላይ ሁለት ትንሽ እርምጃ ይሆንላታል። በርጩማው እንዳይንቀሳቀስ ከሥሩ ጨርቅ፣ ላዩ ላይ ደግሞ የማያንሸራትት አሮጌ ምንጣፍ ስፊበት። ሊሾው ላይ ከመኝታዋ እስከ ምግቧ መንገድ አበጂላት፣ ከረጢትም ይሁን የተቀደደ ዝተት፣ ብቻ እግሯ የሚይዘው ነገር ይኑር።

ለሽንቷ ቢጫ ጀሪካን በጎኑ አስተኝተሽ ላዩን ቁረጪ። በአንዱ በኩል ጠርዙን አንድ ሦስት ጣት ብቻ አስቀርተሽ ዝቅ አድርጊው፣ እግሯን ሳታነሳ እንድትገባ። የተቆረጠውን ጠርዝ በእሳት ለስልሺው፣ ይቆርጣታል። ውስጡ አሸዋ ወይም የተነፋ አመድ። ምንጣፍ ላይ የሸናችው ተበሳጭታ አይደለም፣ ደጁ ሩቅ ሆኖባት ነው። እናትሽን በኔ ስም ይቅርታ ጠይቂልኝ።

የምግብና የውሃ ሳህኗን ደግሞ ጡብ ላይ አድርጊው። አንገቷ የማይታጠፍ ድመት መሬት ላይ ካለ ሳህን ስትበላ ታያለሽ፣ የፊት እግሯን ዘርግታ እንደ ቀጭኔ ነው የምትሆነው።

እትዬ አንኮበር

ልጄ፣ እኔ ይህን ነገር የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም ይባላል፣ ያንቺዋ ግን መንኩሳም አልዘለለችም፣ ስለዚህ በእውነት አሟታል።

ብርዱን ነው የምነግርሽ። ሕመሙን የሚያብሰው ብርድ ነው። ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ አድርገሽ፣ የፈላ አይደለም፣ በሹራብ ጠቅልለሽ ጎኗ አስቀምጪላት። ከሥሯ ባና ወይም ያረጀ ብርድ ልብስ፣ ከመሬት ከፍ ይበል። ግን ምድጃ አጠገብ ብቻዋን አታስተኚያት። የኛዋ አርጅታ ኩበቱ ሲፈነዳ መሸሽ አቅቷት ጭራዋ ተቃጥሏል። ሰውነቷ ደንዝዞ ሙቀቱም አይሰማትም።

የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን)

ከአራት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፣ ምን ሆነች ብላችሁ በውስጥ ለጠየቃችሁኝ።

ሌላ ሐኪም አገኘሁ። አልሳቀም። በካርቶን ይዣት ስገባ ሁለት በግና አንድ አህያ ወረፋ ይዘው ነበር፣ የአህያዋ ባለቤት ሽማግሌ «ልጄ ምን ሆነችብሽ» ብለው ተራቸውን ሰጡኝ። ጥፍሯ ተቆርጣ ወጣች። ቁራጯን ሐኪሙ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፣ ሙሉ ክብ ሆናለች፣ ቀለበት ነው የምትመስለው። ቁስሉ በአሥር ቀን ደረቀ። ከዚያ አንገቷን ያዝ አድርጎ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ሊያዞር ሞከረ፣ እንቢ አለ። ወደ ቀኝ ትንሽ። ጀርባዋ ላይ ሲወርድ ምንም አላላትም፣ አንገቷ ላይ ግን አፏን ከፈተችበት። ሽንቷ ታይቶ ስኳር የለም። ራጁን ከገና በኋላ ቢሾፍቱ ለመሄድ አስቤያለሁ፣ ሐኪሙ ግን የጉበቱን ታሪክ ስነግረው ዶክተር እዚህ ያልከውን ነው የደገመው። ለድመት የሚሆን ማስታገሻ በጠብታ ለክቶ ለጥቂት ቀን ሰጣት፣ ከበላች በኋላ ብቻ ስጫት፣ መብላት ካቆመች ወይም ካስታወከች አቁሚ ብሎ።

ጉበቱን ማስተው ጦርነት ነበር። አጎቴ ሊገባው አልቻለም፣ «14 ዓመት ያኖራት ጉበቴ ነው» ብሎ ተቆጣ። አሁን ቀይ ሥጋና ልብ እየላከ ነው፣ ግን አኩርፎ። እሷም አኩርፋ ነበር፣ በሁለተኛው ሳምንት ለመደችው።

ትናንት ማታ እራት ላይ ነበርን። በርጩማው ላይ ወጣች። ቆመች። ብዙ ቆየች፣ እማዬ ጉርሻዋን ይዛ ቀርታ ታያታለች። ከዚያ የፊት እጆቿን ወንበሩ ላይ አድርጋ ቂጧን እየጎተተች ወጣች። ዝላይ አይደለም፣ መንጠላጠል ነው። ሦስት ጊዜ ዞራ ተኛች።

ምንጣፍ ላይ መሽናቱም ቀርቷል፣ ጀሪካኑ ሠርቷል። ጭንቅላቷን አሁንም አታዞርም፣ ስለዚህ ስጠራት ፊት ለፊቷ ሄጄ ነው። ጀርባዋን እኔ አበጥርላታለሁ፣ መጀመሪያ ትቆጣ ነበር፣ አሁን ዓይኗን ትከድናለች።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ዐቢይ ጾም ሲገባ የአጎቴ ሥጋ ቤት ለ55 ቀን ይዘጋል። ያኔ ምን ላብላት? ሽሮ እንዳትሉኝ።

የበጎች ሐኪም

ለአራት ሳምንቱ ዜና እጅግ ደስ ብሎኛል። ቁራጯን ጥፍር አስቀምጫት፣ ለሌላ ሰው ስታስረጂ ትጠቅምሻለች።

ለጾሙ፣ ድመት ያለ ሥጋ መኖር አትችልም። ታውሪን የሚባል ነገር አለ፣ ሰውነቷ በበቂ አይሠራውም፣ ከሥጋ ነው የምታገኘው። ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። እንጀራና ሽሮ ላይ የምትውል ድመት በሕይወት የምታቆያት አይጧ ናት፣ ዳልቼ ደግሞ አሁን አይጥ አትይዝም። ስለዚህ ቅበላ ላይ ሥጋና ልብ ገዝተሽ ፍሪጅ ካለሽ በትንንሹ አስረሽ አቀዝቅዢ። ከሌለሽ ቋንጣ ስቀይላት፣ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ፣ ቀጭን ቀጭን አድርገሽ። ለመስጠት ስትፈልጊ በሙቅ ውሃ አለስልሺው። በመሃል የተቀቀለ እንቁላል ይቻላል። ዓሣ ካገኘሽም ቀቅለሽ ስጫት፣ ጥሬውን አታዘውትሪላት።

የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን)

እሺ ዶክተር። ለእማዬ በሁዳዴ ሥጋ ቤቱ ውስጥ ተሰቅሎ ሊያድር ነው ስላት ትንሽ ዝም አለችና «ከምድጃው በላይ አትስቀይው፣ ሽታው እኔን ይፈትነኛል፣ ከጓዳ በኩል ይሁን» አለችኝ።